ደብተሩን ማን ይከፍተዋል?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እኛ ደግሞ በቅርቡ አንድ ሐረግ ልንጨምርበት ተገደናል፦ «ፋይሉን የሚከፍተው ከተገኘ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥር ጓደኛሞች ዕቁብ እንጥላለን። በወር ሁለት ሁለት ሺህ ብር፣ በአሥር ወር አሥራችንንም የሚያዳርስ። የእናቶቻችን ዕቁብ ጸሐፊ ጥቁር ሽፋን ባለው ደብተር ይመዘግባል። እኛ ግን «ዘመናዊ» ነንና ሒሳባችንን በኮምፒውተር ያዝን። ጸሐፊያችን (ከዚህ ብሎግ ጸሐፊዎች አንዱ ነው፤ ስሙን እንተውለት) በፍላሽ ከሰው የገለበጠው፣ ክራክ የተደረገ፣ ዓይን የሚስብ የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም ነበረው። ባለ ቀለም ግራፍ ሳይቀር ይሥላል።

በስድስተኛው ወር ላፕቶፑ ታመመ። ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ ፎርማት ተደርጎ ተመለሰ። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ስለነበር ማንም አልደነገጠም። ድንጋጤው የመጣው ፕሮግራሙን መልሰን ስንጭን ነው። ክራኩ አልሠራ አለ፤ የፈቃድ ቁጥር አምጡ አለን። ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ለመክፈት ስንሞክር ደግሞ የወጣልን የሰው ልጅ የማያነበው ምልክት ብቻ ሆነ። ደብተራችን እጃችን ላይ አለ፤ ግን አይገለጥም።

ያን ሰሞን አንዱ ጓደኛችን «የአራተኛውንም የአምስተኛውንም ወር በእጄ ሰጥቻለሁ» አለ። ጸሐፊያችን «አላስታውስም» አለ። በባንክ የላክነው ሁሉ ከስልካችን መልእክት ተለቅሞ ተገኘ፤ ያ አራት ሺህ ብር ግን በእጅ የተሰጠ ስለሆነ ምስክር አልነበረውም። ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ ለአሥር ተካፍለን አራት አራት መቶ ብር አዋጣን። ጓደኛችን «ከፍያለሁ እያልኩ ደግሞ ልክፈል?» አለ። ከፈለ። ዕቁቡንም እስከ መጨረሻው ጣለ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ማኪያቶውን ከእኛ ጋር ጠጥቶ አያውቅም።

ታዲያ ይህን የቤት ጉድ ለምን አደባባይ አወጣነው? ከዚያ በኋላ ሦስታችን ላፕቶፓችንን ወደ ሊኑክስ ስለቀየርንና «በሊኑክስ ላይ ሒሳባችንን በምን እንያዝ?» የሚለው ጥያቄ ለሁለት ወር ስላጨቃጨቀን ነው። ጭቅጭቁ ሲጀመር ስለ መልክ ነበር። የትኛው ያምራል? የትኛው ይቀላል? ሲያልቅ ግን በአንድ ነገር ተስማማን። የሒሳብ ሶፍትዌር ስንመርጥ መጀመሪያ ማየት ያለብን የመግቢያውን በር ሳይሆን የመውጫውን በር ነው። ፕሮግራሙን የተውነው ቀን፣ ወይም ፕሮግራሙ እኛን የተወን ቀን፣ ደብተራችን ምን ይሆናል?

ትልቅም ይተዋል

«ክራክ ባትጠቀሙ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስባችሁም ነበር» የምትሉን አላችሁ። እውነት ነው፤ ተቀብለናል። ግን ከፍሎ የገዛውም ሰው ከዚህ ጣጣ አላመለጠም።

ማይክሮሶፍት መኒ የሚባል የግል ሒሳብ መያዣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀምሮ ለዓመታት ብዙ ሰው ገዝቶ ተጠቅሞበታል። በ2009 አጋማሽ ኩባንያው ሽያጩን አቆመ፤ በ2011 መጀመሪያ ደግሞ የኢንተርኔት አገልግሎቱ ተዘጋ። ለነገሩ ማይክሮሶፍት ያለ ፈቃድ ቁጥር የሚሠራ የስንብት እትም በነጻ ለቆ ነው የሄደው፤ ይህን ያህል ጨዋነት ከሁሉም አይጠበቅም።

አሜሪካኖቹ ሚንት የሚሉትም ነበር። በ2007 የጀመረ፣ ሰው የባንክ ሒሳቡን አገናኝቶ ወጪውን በኢንተርኔት የሚያይበት አገልግሎት ነው። በ2009 ኢንቱይት የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ በመጋቢት 2024 ዘጋው። ደንበኞቹ ወደ ሌላ የኩባንያው አገልግሎት እንዲዛወሩ ተነገራቸው። ለዓመታት በጀት ሲሠሩበት የኖሩ ሰዎች ማለት ነው። አገልግሎቱ ነጻ ነበር፤ ቤቱ ግን የእነሱ አልነበረም።

እንግዲህ ሁለቱም የከሰሩ ሱቆች አይደሉም። የትልልቅ ኩባንያ ምርቶች ናቸው። ኩባንያ ሒሳቡን አስልቶ «አያዋጣኝም» ሲል ይተዋል፤ መብቱም ነው። የእኛ መብት ደግሞ ሲተወን ደብተራችንን ይዘን መውጣት ነው።

ለምን ሊኑክስ?

ስብከት አንጀምርም። ወደ ሊኑክስ የሄድነው በእምነት ሳይሆን በችግር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የቆየ ማሽን አይቀበልም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን «አልፈልግህም» ይላል። የእኛ ላፕቶፖች ደግሞ ከውጭ አገልግለው የመጡ፣ ሁለት ሦስት እጅ የቀያየሩ ናቸው። ለእነሱ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት መጫን ማለት ተጨማሪ ዕድሜ መስጠት ነው። (ይህ ሚንት ከላይ ከጠቀስነው ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም።)

ሊኑክስ ላይ ሒሳብ መያዣ ፍለጋ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ቅሬታ «በዊንዶውስ የለመድኩት የለም» የሚል ነው። አዎ፣ የለም። ያሉት ግን ለእኛ ጥያቄ የተሻለ መልስ አላቸው። ሦስቱን እንያቸው። ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ፤ የተሠሩበት ኮድም ለሁሉም ክፍት ነው። ሦስቱም በዊንዶውስ ላይ ስለሚሠሩ ሊኑክስ የሌለው ጓደኛችሁ ፋይላችሁን መክፈት ይችላል። አንዴ ከተጫኑ ደግሞ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ሒሳብ አይቆምም።

ሦስቱ ዕጩዎች

ሆምባንክ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሚጋ ለተባለው ኮምፒውተር ተሠርቶ ኋላ ወደ ሊኑክስ የመጣ ነው። ኮምፒውተሩ ከገበያ ጠፋ፤ ፕሮግራሙ ግን ሌላ ቤት ፈልጎ ዛሬም አለ። ሒሳቦቻችሁን ትከፍታላችሁ (ጥሬ ገንዘብ፣ ባንክ፣ ቴሌብር)፣ ወጪን በዓይነት ትከፍላላችሁ፣ በጀት ታወጣላችሁ፣ ግራፍ ታያላችሁ። ፋይሉ በጽሑፍ ማስተካከያ ሲከፈት የሚነበብ ነው፤ ወደ ኪውአይኤፍ እና ሲኤስቪም ይገለበጣል። ደሞዜ የት እየገባ ነው ብሎ ለሚጨነቅ አንድ ሰው ይበቃል።

ኬማይመኒ መካከለኛው ነው። በየወሩ የሚመላለሰውን ክፍያ (የቤት ኪራይ፣ የዋይፋይ) ቀጠሮ ይዞ ያስታውሳል። ፋይሉን በምስጢር ቁልፍ መቆለፍም ይችላል፤ ይህ ላፕቶፑን ለእህት ለወንድም ለሚያጋራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ኬዲኢ ከሚባለው የሊኑክስ ገጽታ ቤተሰብ ስለሆነ ግን ሌላ ገጽታ ላይ ሲጫን ብዙ ተጨማሪ ፋይል ያስወርዳል። ፓኬጅ ገዝታችሁ የምታወርዱ ከሆነ ቀድማችሁ አስቡበት።

ግኑካሽ ኮስታራው ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ1998 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይታደሳል። የሚሠራው በድርብ ምዝገባ ነው፤ ሉካ ፓቺዮሊ በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው፣ ነጋዴዎች ከዚያ በፊትም ይጠቀሙበት የነበረው ስልት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ገንዘብ አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምዝገባ ከየት እንደወጣና የት እንደገባ ይጠየቃል። መልስ ካልሰጣችሁት ግኑካሽ ገንዘቡን «ኢምባላንስ» የሚል መደብ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እዚያ ቁጭ ብሎ ያፈጥባችኋል። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፤ በሁለተኛው ወር ግን «ያ አምስት መቶ ብር የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ሲቀንስ ታያላችሁ።

(ጥቁሩን መስኮት የምትወዱ ፕሮግራመሮችን አልረሳንም። ሌጀር የሚባል በ2003 የተጀመረ ፕሮግራም አለላችሁ፤ ደብተሩ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከመውጫ በር አንጻር ከእሱ የሚበልጥ የለም፤ ጠቅላላው ቤት በር ነው። ለዕቁብ ጸሐፊ ግን አንመክርም።)

ዕቁብ ወጪ ነው?

ከጭቅጭቃችን ሁሉ ያተረፍነው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

አብዛኞቻችን ወጪ ስንጽፍ «ታክሲ፣ ምሳ፣ ዕቁብ» ብለን እንደረድራለን። ስህተት ነው። ታክሲ የከፈልነው ሄዷል። የጣልነው ዕቁብ ግን ከኪሳችን ወጣ እንጂ ከእኛ አልወጣም፤ ሰው ዘንድ ያለ ሀብታችን ነው። (ዕድር ሌላ ነው፤ እሱን ወጪ ብላችሁ ጻፉት።)

አሁን የእኛን ዕቁብ በግኑካሽ እንመዝግበው። «ዕቁብ» የሚል መደብ በሀብት ሥር እንከፍታለን። (በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ሦስቱም ላይ ሞክረናል።) በየወሩ ከባንክ ወደ ዕቁብ ሁለት ሺህ ብር ይዛወራል። ዕጣው በሦስተኛው ወር ወጣልን እንበል። እስከዚያ የጣልነው 6,000 ብር ነው። 20,000 ብር ከዕቁብ ወደ ባንክ ሲዛወር የዕቁቡ መደብ ምን ይላል? ከዜሮ በታች 14,000።

አስተውሉልን። ያን ቀን ባንካችን ውስጥ 20,000 ብር ገብቷል፤ ጓደኞቻችን «ጋብዙን» እያሉ ነው፤ እኛም ሀብታም የሆንን መስሎናል። ደብተሩ ግን 14,000 ብር ባለዕዳ ናችሁ ይላል። ቀሪዎቹን ሰባት ወሮች ሁለት ሁለት ሺህ ስንጥል ቁጥሩ እየቀነሰ በአሥረኛው ወር ዜሮ ይሆናል። አሥረኛው ወር ላይ የሚወጣለት ሰው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ዓመቱን ሙሉ የደኸየ መስሎት ይኖራል እንጂ ከመጨረሻው ወር በፊት 18,000 ብር ሰው ዘንድ አለው።

አንድ ሰው ዕቁቡን «ገቢ» ብሎ ጽፎ ስልክ ቢገዛበት ደብተሩ እየዋሸው ነው። በሆምባንክም ዕቁብን እንደ አንድ ሒሳብ ከፍታችሁ ማዛወር ትችላላችሁ። ልዩነቱ ሆምባንክ ባታደርጉት ዝም ይላችኋል፤ ግኑካሽ ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ሳትናገሩ አያልፋችሁም።

«ኤክሴል ምን አለው?»

ይህን ያለን ሰው ብዙ ነው። የሊኑክሱን ሊብረኦፊስ ካልክ ጨምሮ ሠንጠረዥ መልካም ነገር ነው፤ ማንም ይከፍተዋል። ችግሩ ዝም ማለቱ ነው። አንድ ረድፍ ብታጠፉ፣ የመደመሪያውን ቀመር ሳታውቁ በቁጥር ብትተኩ፣ ሠንጠረዡ ቅር አይለውም። ለሦስት ወር ይሠራል፤ በአራተኛው ወር ድምሩ ከባንኩ ጋር አይገጥምም፤ የት እንደተሳሳታችሁም አይነግራችሁም።

«ቴሌብርና የባንኩ መተግበሪያ ሁሉንም ይመዘግብልኝ የለ?» ላላችሁም፦ የሚመዘግቡት በእነሱ በኩል ያለፈውን ነው። በእጅ የተሰጠ አራት ሺህ ብር ታሪክ እዚያ የለም። የእኛን ጓደኛ ያጣነው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

«መጀመሪያ ገንዘቡ ይኑረኝ፣ ከዚያ እመዘግባለሁ» ለምትሉ ግን መልስ የለንም። እኛም እንዲያ ስንል ነው እዚህ የደረስነው።

የሚጎድለው

የምናወድሳቸው እንከን የለሽ ስለሆኑ አይደለም። በቀን መቁጠሪያቸው ከፈረንጅ ጋር ናቸው። ደሞዛችሁም ሆነ ኪራያችሁ በእኛ ወር የሚቆጠር ከሆነ የሪፖርቱን መነሻና መድረሻ ቀን በእጃችሁ መስጠት አለባችሁ። ጳጉሜንን የሚያውቃት የለም፤ እኛ የወሩን ስም በማስታወሻው ቦታ እንጽፋለን።

ምዝገባው በእጅ ነው። ባንካችሁ የሒሳብ መግለጫውን በሲኤስቪ ከሰጣችሁ ማስገባት ይቻላል፤ ካልሰጣችሁ ግን አንድ በአንድ መጻፍ ነው። እንደ ደንበኛ ይህን መጠየቅ መልመድ አለብን እንላለን፤ የገዛ ሒሳባችን ነውና። እስከዚያው በእጅ መጻፍ ጥቅም አለው። ማኪያቶውን ስትጠጡት ያልተሰማችሁ ዋጋ ስትጽፉት ይሰማችኋል።

ግኑካሽ የይለፍ ቃል የለውም። ላፕቶፑን የከፈተ ደብተሩንም ይከፍታል። መፍትሔው ሊኑክስን ስትጭኑ ዲስኩን በሙሉ መቆለፍ ነው፤ ሲጫን ይጠይቃችኋል፣ እሺ በሉት። ፋይሉ አጠገብ ቀን የተጻፈባቸው ብዙ ፋይሎች ሲፈለፈሉ ደግሞ ቫይረስ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ። መጠባበቂያ ቅጂዎች ናቸው።

ዶላር የምታገኙም አላችሁ፤ ከውጭ ሥራ የምትሠሩ፣ ወይም ዘመድ የሚልክላችሁ። ብር በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ከነበረበት ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዶላሩን በብር ተርጉሞ የጻፈ ሰው ያን ጊዜ ደብተሩ ትርጉም አጣበት። እነዚህ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ገንዘብ በራሱ መደብ አስቀምጠው የምንዛሪውን ዋጋ ለብቻው እንድትይዙ ያስችላሉ። እንዲያ ያዙት።

ምርጫችን

ለግላችን ሆምባንክን መርጠናል። ኬማይመኒን የመረጠም አንድ አለ፤ ታናሽ ወንድም ስላለው። የሰው ገንዘብ ላለበት ነገር ግን፣ ማለትም ለዕቁብ፣ ለጋራ ኪራይ፣ ለጀማሪ ንግድ፣ ግኑካሽን ነው የምንለው። በራስ ገንዘብ መሳሳት ትምህርት ነው፤ በሰው ገንዘብ መሳሳት ግን ጠብ ያመጣል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከማመናችሁ በፊት አንድ ፈተና ስጡት። የአንድ ወር ሒሳባችሁን መዝግቡ። ከዚያ ፋይሉን በሌላ ሰው ኮምፒውተር፣ በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት። ቁጥሩ ተመሳሳይ ሆኖ ከተነበበ ቀጥሉ። ካልተነበበ የቱንም ያህል ቢያምር ተሰናበቱት። እኛ ይህን ፈተና ከስድስት ወር በፊት ብንሰጠው ኖሮ አንድ ከሰዓት ብቻ ይወስድብን ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ እንናዘዝ። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ብቻ አልነበረም። የአሥር ሰው ደብተር በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ነበር፤ ዘጠኛችን አንድ ቀን «አሳየን» አላልንም። የእናቶቻችን ጸሐፊ ሁሉም እያየ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በአዲሱ ዕቁብ ጸሐፊያችን ገንዘብ በተጣለ ቁጥር የግኑካሹን ሪፖርት በፒዲኤፍ አውጥቶ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይለቀዋል። ያልተስማማ በሳምንት ውስጥ ይናገራል። ደብተሩ አሁን አሥር ስልክ ላይ አለ።

አሥር ስልክ አልን? ዘጠኝ ነው። ያ ጓደኛችን ወደ አዲሱ ዕቁብ አልገባም። ይህን ጽሑፍ ካነበብክ፣ ወንድማችን፣ አራት መቶ ብርህ በአዲሱ ደብተር ላይ «የሚመለስ ዕዳ» ተብሎ በስምህ ተመዝግቧል። እሑድ ና፤ ማኪያቶው ደግሞ በእኛ ነው።